የእንግዳ ግዮን

ኢየሩሳሌም ዳር ባለችው በቂርያት መናሔም ሰፈር እንግዳን የማያውቅ ሐበሻ ካለ፣ ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ መሆን አለበት። እሱንም ቢሆን እንግዳ ነገ ጠዋት ያገኘዋል። ክንዱን አፈፍ አድርጎ ከሕንፃዎቹ ጀርባ ወዳለው የብረት አጥር ይወስደውና፣ እጁን ወደ ሸለቆው ዘርግቶ «እይ እንጂ! እንዲህ ያለ አገር አይተህ ታውቃለህ?» ይለዋል። ያ ምስኪን ገና ሻንጣውን አልፈታም፤ ምን ይበል? «ኧረ አላውቅም» ይላል። እንግዳም ተራራውን ያቆመው፣ ሸለቆውን የቆፈረው ራሱ ይመስል ፈገግ ብሎ «ገና ምን አይተህ!» ይላል።

እናቱ ስሙን ስታወጣ ታይቷት ነበር መሰለኝ፤ እንግዳ አለችው፣ እሱም ዕድሜውን ሙሉ እንግዳ ሲያዞር ኖረ። የሚበላበት ሥራ ግን ሌላ ነው። የትምህርት ቤት በር ይጠብቃል፤ በዕብራይስጡ ሾሜር ይሉታል። የልጆች ቦርሳ ገለጥ አድርጎ ማየትና መልሶ መቀመጥ ነው። እግሩ ሲያርፍ ምላሱ አያርፍም፤ ሳምንቱን ሙሉ ያጠራቀመውን ጉራ የዕረፍቱ ቀን ይነዛዋል። ካኪ ባርኔጣውን ደፍቶ አዲስ መጪዎችን ያስከትልና ወደ ዔን ካሬም ኮረብታ፣ ወደ ሳጣፍ እርከኖች ይዟቸው ይወጣል። እውነቱን እንናገር ካልን ቦታዎቹ ያምራሉ። ወይራው፣ ጥዱ፣ ድንጋዩ ላይ የምታርፈው የማታ ፀሐይ ሆድ ታባባለች። እንግዳ ግን ያለውን ውበት አሳይቶ ዝም ማለት አይሆንለትም። ከዓለት ሥር ውኃ ጠብ ስትል ካየ «ይኸ ፏፏቴ ነው» ይላል። ሚዳቋ ከሩቅ ብልጭ ካለች «ነብሩ ነው የሚያባርራት» ይላል። ነብሩን ያየ ሰው የለም። እንግዳ ነብር አይቶ ቢሆን ኖሮማ እስከ ዛሬ ከቤቱ ባልወጣ ነበር።

ከጉራዎቹ ሁሉ ትልቁ ወንዙ ነው። ኢየሩሳሌም ወንዝ የላትም፤ ይኸን ያገሩ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። እንግዳ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወንዝ ዳር ኖሯል። እንዴት ሆኖ? ቆይ ልንገራችሁ።

ጉዱ የጀመረው በመጣበት ዓመት ነው። እንግዳ ያኔ ጎረምሳ ነበር፤ ቀን ቀን ኡልፓን በሚሉት የቋንቋ ትምህርት ቤት ተቀምጦ ፊደል ይቆጥራል። ቂርያት መናሔም ቤት ሰጡት። መስኮቱን ሲከፍት ከሥሩ ትልቅ ሸለቆ አለ፤ ሸለቆው አፍ ላይ ደግሞ የመንገድ ምልክት ተተክሏል። ፊደሉን እየለቀመ አነበበው፤ «ናሓል» ይላል። በማግስቱ አስተማሪዋን ምን ማለት እንደሆነ ጠየቃት። እሷም አማርኛ አትችል፣ እጇን እንደ እባብ እያጠማዘዘች ከገበታው ጫፍ እስከ ጫፍ ወሰደችው። «በቃ ገባኝ፤ ወንዝ ነው» አለ እንግዳ። የገባው ነገር እሱ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ዕብራይስጥ ተንኮለኛ ቋንቋ ነው። ናሃር የሚል አለ፣ ናሓል የሚል አለ። ናሃር ማለት ክረምት ከበጋ የሚፈስ፣ የደንቡ ወንዝ ነው። ናሓል ግን ውኃ ኖረውም አልኖረውም ናሓል ነው፤ ዝናብ የጣለ ቀን ሲያጓራ ይውልና በማግስቱ ፍየል ይሰማራበታል። እኛ ፈፋ የምንለው መሆኑ ነው። እንግዳ በሁለት ፊደል ተሳሳተ፤ ስንቱ ከዚያ በባሰ ተሳስቶ የለ? ጥፋቱ መሳሳቱ አይደለም፤ ስልክ መደወሉ ነው።

ጎንደር አውራጃ፣ ወንዝ ዳር ባለች መንደር ታላቅ እኅቱ እትዬ ሙሉመቤት አሉ። እናታቸው ስትሞት እንግዳ ገና ይድኽ ነበር፤ አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ደግሞ ሲፈጥራቸው ውሸት አያውቁም። እጃቸው ላይ ጥሬ ካልያዙ ዶሮ እንኳ አይጠሩም፤ «ምነው አሞኛታለሁ?» የሚሉ ሴት ናቸው። በቀጠሮ ከተማ ወርደው፣ ስልክ ቤት ተሰልፈው የወንድማቸውን ድምፅ ሰሙ።

«ቤትህ እንዴት ያለ ነው?» አሉት።

«ወንዝ ዳር ነው፣ እትዬ።»

«እሰይ! ወንዙስ ማን ይባላል?»

እንግዳ የምልክቱን ስም አላስታወሰም። ዝም ማለት ደግሞ አይወድም። ያን ሰሞን ከተማዪቱን ሲያስጎበኟቸው ጆሮው ጥልቅ ያለች ስም ነበረች፤ እሷ አፉ ላይ መጣችለት። «ግዮን» አለ።

ወይ ጉድ! ለጎንደር ሰው ግዮን ማለት ዓባይ ነው፤ ከገነት የሚወጣው ወንዝ ነው። እትዬ ሙሉመቤት ስልክ ቤቱ ውስጥ እልልታቸውን አቀለጡት፤ ሰልፈኛው ሁሉ ሰው የተወለደ መስሎት እንኳን ደስ ያለዎት አላቸው። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰው? በደወለ ቁጥር ወንዙ ይሞላል። መጀመሪያ ዓሣ ገባበት። ቀጥሎ ታንኳ ተንሳፈፈበት። አንድ ቀን እኅቱ «ጉማሬስ አለው?» ሲሉት፣ እንግዳ ትንሽ አሰበና «አልፎ አልፎ ብቅ ይላል» አለ። ዓይኑን በጨው አጥቦ!

ዓመታት አለፉ። እትዬ ሙሉመቤት ወንድማቸው ወዳለበት አገር መግቢያ ፈቃድ እስኪመጣላቸው ጎንደርና መንደራቸው መካከል ሲመላለሱ አረጁ። በስተመጨረሻ ተራቸው ደርሶ ባለፈው በጋ ገቡ። አንድ ልጅ አለቻቸው፤ ሰርካለም ትባላለች፤ የእሷም ፈቃድ ወጥቷል። ሰርካለም ግን ወንዝ ዳር የሽንኩርት እርሻ አላት፤ ከነልጆቿ በዚያ ነው የምትኖረው። እርሻዋን እንደ ነፍሷ ነው የምትወደው። እናቷን ስትሸኝ ቁርጡን ነገረቻቸው።

«እማዬ፣ አጎቴ የሚለው ወንዝ ካለ፣ ልጆቼን ይዤ ተከትዬሽ እመጣለሁ። ከሌለ ግን ወንዜን ለቅቄ ንክች አልልም። በዓይንሽ አይተሽ ደውይልኝ።»

እንግዲህ ነገሩ ይኸ ነው። እትዬ ሙሉመቤት ያለ ሰርካለምና ያለ ልጅ ልጆቻቸው እዚህ አገር መኖር አይሆንላቸውም፤ ሌሊት ስማቸውን እየጠሩ ነው የሚነቁት። ሰርካለምም ወንዝ ካልታየ አትመጣም። ወንዙ ደግሞ እንግዳ አፍ ውስጥ ነው ያለው።

እኅቱ ካረፉበት ከአዲስ መጪዎች ማረፊያ፣ እንግዳ አንድ ቅዳሜ ማታ ቤቱ አምጥቷቸው አደሩ። እሑድ ጠዋት እንግዳ ከሥራ ፈቃድ ወስዷል። እኅቱ ነጠላቸውን አጣፍተው በረንዳ ላይ ቆሙ። ዝናቡ ገና አልጀመረም፤ ሸለቆው ከላይ እስከ ታች ደርቆ ድንጋዩ ያገጣል። በሥሩ ባቡር ሽው ብሎ አለፈ።

«ወንዙ የታል?» አሉ።

እንግዳ ባርኔጣውን መፈለግ ጀመረ። ልጁ ኤልያሁ ጠረጴዛው ላይ ቁርሱን ይበላ ነበር፤ እዚሁ የተወለደ ተማሪ ነው፤ አማርኛው ስብርብር ያለ ነው።

«ዶዳ ሙሉ» አለ፤ አክስቴ ማለቱ ነው። «ኤይን ፖ ናሃር። ናሓል ናሃር አይደለም።» እዚህ ወንዝ የለም ማለቱ ነበር።

«ምን ይላል ልጁ?»

«ወንዙ ዛሬ ዐርፏል ነው የሚልዎ» አለ እንግዳ።

«ዛሬ እሑድ አይደል እንዴ? ሰንበት ትናንት አልፎ የለም?»

«እዚህ አገር ወንዝ ሁለት ቀን ነው የሚያርፈው፣ እትዬ።»

ኤልያሁ ሻዩ ትን አለው። እንግዳ በቁጣ ገላመጠውና ባርኔጣውን ደፍቶ እኅቱን ይዞ ወጣ። የቀኑን ጉዞ እንዲህ በልቡ ወጠነው፤ ዙሪያውን ያሉትን ውኃዎች ሁሉ ያሳያቸዋል፤ አንዱ ዘንድ «ይኸ ነው!» ይሉና ይገላግሉታል።

መጀመሪያ ወደ ዔን ላቫን ወረዱ። እኅቱ ሰባ ዓመታቸውን አልፈዋል፤ ቁልቁለቱን ግን እሱ ሲያለከልክ እሳቸው እንደ ፍየል ነው የወረዱት። ዔን ላቫን ቆንጆ ምንጭ ነው፤ ከዓለት ሥር ይወጣና በድንጋይ በታጠረ ገንዳ ይጠራቀማል። ያን ቀን ግን ጎረምሶች ሙዚቃቸውን ለቅቀው እየተንደረደሩ ይዘልሉበታል። መሀል ለመሀል ደግሞ አንድ ትልቅ ጥቁር ውሻ ምላሱን አውጥቶ ይዋኛል።

«እነሆ!» አለ እንግዳ።

እትዬ ሙሉመቤት ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። የድሮ ሰው ናቸው፤ ውኃ ንጹሕ ካልሆነ ጥፍራቸውንም አያስነኩትም።

«ከገነት የወጣው ይኸ ነው?»

«የሱ... የሱ ገባር ነው።»

«ውሻውስ? እሱም ከገነት ነው የወጣ?»

አንዱ ጎረምሳ ዘሎ ሲገባ ውኃው ተረጭቶ የእንግዳን ሱሪ እስከ ጉልበቱ አራሰው። እኅቱ አልሳቁም። ስልካቸውን ከጉያቸው አውጥተው አዩትና መልሰው ከተቱት። «ሰርኬ እየጠበቀች ነው» አሉ።

አውቶቡስ ይዘው ከተማ ገቡ። እንግዳ ምክር ፈለገ፤ ምክር ሲቸግረው ደግሞ የሚሄደው ኢትዮጵያ ጎዳና ነው። እዚያ ክቡ ቤተ ክርስቲያን፣ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ግቢ ውስጥ ተገኝ የሚባል ወዳጅ አለው። ተገኝ ከመነኮሳቱ ጋር ይኖራል፣ ግቢውን ይጠርጋል፣ ለፋሲካ የሚመጡ ተሳላሚዎችን ከዴር ሡልጣን እስከ ዮርዳኖስ ያዞራል። አንዱ ምኩራብ ይሄዳል፣ አንዱ ቤተ ክርስቲያን ይስማል፤ የተወለዱት ግን አንድ ወንዝ ዳር ነው፣ አብረው ዋኝተዋል። እርስ በርስ «የወንዜ ልጅ» ነው የሚባባሉት። እትዬ ሙሉመቤት ከበሩ ውጪ፣ ከድንጋይ አጥሩ ጥላ ሥር ዐረፍ አሉ። እንግዳ ተገኝን በሩ ጋ ይዞ ሹክ አለው።

«የወንዜ ልጅ፣ ጉድ ፈልቶብኛል። ግዮንን አሳየኝ ብለውኛል።»

ተገኝ መጥረጊያውን ተደግፎ እስኪበቃው ሳቀ። «ታዲያ አታሳያቸውም?»

«አትቀልድ! የሌለ ነገር ከየት አመጣለሁ?»

«ማነው የለም ያለህ? ከገነት ከሚወጡት ከአራቱ አፍላጋት የአንዱ ሞክሼ እዚሁ አለ። ከተማዪቱ ሥር፣ ዋሻ ውስጥ። ስሙ ግዮን ነው፤ ከጥንት ጀምሮ ግዮን ነው።»

እንግዳ ክው አለ። እስቲ ፍረዱ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲዋሽ የኖረው ነገር ለካስ አለ። ያኔ በጉብኝቱ ሰምቶ የረሳው ስም እግሩ ሥር ሲፈስ፣ እሱ ጉማሬ ሲያረባ ከርሟል።

«ታዲያ ወንዝ እንዳይመስልህ» አለው ተገኝ። «ምንጭ ነው። ቢበዛ ከጉልበት ትንሽ ያልፋል።»

«ውኃ ነው?»

«ውኃ ነው።»

«ይፈሳል?»

«ይፈሳል።»

«አበቃ!» አለና እንግዳ ተገኝን ግንባሩን ሳመው። ተገኝም ወጥቶ እትዬ ሙሉመቤትን እጅ ነሣ። «የማን ልጅ ነህ?» አሉት። አባቱን ሲነግራቸው አወቁት፤ ከልጅነቱ አንሥተው ስለ ቤተሰቡ ጠየቁት። ከዚያ ድንገት «አንተስ ወንዙን አይተኸዋል?» አሉት። ተገኝ ዓይኑን ቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ላይ ሰክቶ «መጥረጊያዬን ረሳሁ» ብሎ ገባ። መጥረጊያው እጁ ላይ ነበር።

አሮጌውን ከተማ በእግር አቋርጠው በታችኛው በር ወጡ። እዚያ ቁልቁል ሲያዩት ትልቁ ሸለቆ ይታያል፤ ማዶ ደብረ ዘይት፣ በሥሩ መቃብሩ፣ ወይራው። እንግዳ ልማዱ ነውና ጭንቀቱን ረሳው፤ እጁን ዘርግቶ «ይዩ እትዬ! ቄድሮን ይኸ ነው!» አለ።

እትዬ ሙሉመቤት ቄድሮን ሲባል ቆም አሉ። ስሙን ከቄሶቻቸው አፍ ሲሰሙት ነው ያደጉ። አጥሩን ይዘው አጎንብሰው ቁልቁል አዩ። ሸለቆው ግርጌ አቧራ አለ፣ ድንጋይ አለ፣ ከድንጋዩ አጠገብ ደግሞ መኪኖች ቆመዋል።

«ከውኃው መካከል ነው መኪና የሚያቆሙት?»

«ውኃው... እ... ወርዷል።»

ቀና ብለው ወንድማቸውን ከባርኔጣው እስከ ጫማው አዩት። «ያንተ ወንዝ ዐርፏል፤ ዔን ላቫን ውሻ ገብቶበታል፤ ቄድሮን ወርዷል። በዚህ አገር ወንዙን ሁሉ ማን ጠጣው?»

እንግዳ መልስ ሲያጣ ይኸ የመጀመሪያው ነው፤ ጎረቤቶቹ ቢያዩት ኖሮ ድግስ በደገሱ ነበር። እጃቸውን ይዞ ቁልቁለቱን ወረደ።

የግዮን መግቢያ በደረጃ ወደ መሬት ሆድ ይወርዳል። ከታች ቀዝቃዛ ነው፤ ከዓለቱ ውስጥ የውኃ ድምፅ ይሰማል። በር ላይ ያለችው ልጅ መብራት ሰጠቻቸው፤ አሮጊቷን አይታ «ይከብዳቸው ይሆን?» ስትል እትዬ ሙሉመቤት ጫማቸውን አውልቀው፣ ከስልካቸው ጋር እንግዳ ባነገበው ቦርሳ ከትተው ገብተዋል። ውኃው መጀመሪያው ላይ ከጉልበት በላይ ደረሰ። ብርድ አጥንት ይሰብራል። እንግዳ «እፍ! እፍ!» እያለ ሱሪውን ሲሰበስብ፣ እኅቱ ድምፅ የላቸውም። መብራቱን ወደ እሳቸው ቢያዞር፣ ቁጢጥ ብለው ውኃው ውስጥ ጠልቀዋል። ብቅ አሉ፣ ደግሞ ጠለቁ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። የልጃቸውን ስም ሲጠሩ ሰማ፣ የልጅ ልጆቻቸውንም አንድ ባንድ። ቀጥሎ የእሱን ስም ሰማ።

ይኸ ሰው ሆድ የለውም የምትሉ ተሳስታችኋል፤ ሆድማ ነበረው፣ ወሬ ሞልቶበት ነው እንጂ። እነዚያ ሁሉ ዓሦች፣ ያ ሁሉ ታንኳ ጉሮሮው ላይ ቆመበት። እትዬ ሙሉመቤት ነጠላቸውን ጨምቀው ወደ ፊት መራመድ ጀመሩ። ዋሻው ጠባብ ነው፤ ትከሻ ይነካል። ውኃው እየቀነሰ ቁርጭምጭሚት ላይ ደረሰ።

«እንግዳ» አሉ ከፊቱ፣ ሳይዞሩ።

«አቤት፣ እትዬ።»

«ጉማሬው በየት በኩል ነው የሚያልፈው?»

እንግዳ ቆመ። ግድግዳውን በሁለት እጁ ያዘ። «ይቅር ይበሉኝ። ዋሽቼ ነው።»

«ጉማሬውን ነው ወንዙን?»

«ሁለቱንም።»

«ዓሣውንስ?»

«ዓሣውንም፣ እትዬ።»

«እህ» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። እንግዳ ከኋላ እያለቀሰ ተከተላቸው፤ ጨለማ ስለሆነ አላፈረም።

ዋሻው የሚወጣው የሰሊሆም መጠመቂያ ዘንድ ነው። እትዬ ሙሉመቤት ፀሐዩ ያለበት ደረጃ ላይ ተቀመጡ፤ ልብሳቸው ይንጠባጠባል፣ ፊታቸው ግን በርቷል። ትንሽ ዐረፉና ስልካቸውን ከእንግዳ ቦርሳ አውጥተው ደወሉ። ሰርካለም ወዲያው አነሣች። ድምፁ ጮኾ ስለሚሰማ እንግዳም ይሰማዋል፤ ከኋላዋ ዶሮ ይጮኻል፣ ልጆች ይንጫጫሉ፣ ውኃም ሲያጓራ ይሰማል።

«እማዬ! አየሽው?»

«መጥቼ ቆሜበታለሁ፣ ልጄ።»

«ወንዝ ነው? እንደኛ ነው?»

ልጆቹ ከዚያ ማዶ «እማማ! እማማ!» እያሉ ይጮኻሉ። አሮጊቷ ስልኩን በመዳፋቸው ሸፈን አደረጉና ወንድማቸውን አዩት። ከዚያ ግራ ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉለት፤ ደግሞ ጨፈን። እንግዳ ውኃ ገብቶባቸው መሰለው።

«ሰርኬ» አሉ ስልኩን መልሰው። «እኔ አሁን ከውኃ መውጣቴ ነው፤ ከውኃ ወጥቼ ብዙ አላወራም። አጎትሽ ይንገርሽ። እሱ ነው የሚያውቅበት።»

ስልኩን እጁ ላይ አኖሩለት።

እንግዳ ቀጥ ብሎ ቆመ። ባርኔጣውን አወለቀ። እየፈተኑኝ ነው ብሎ አሰበ፤ እንግዲህ አንድ ቀን እንኳ ሰው ልሁን አለ። ደረቱን ነፍቶ ጀመረ።

«ሰርካለም፣ የምነግርሽን ስሚኝ። ወንዝ የለም። ሠላሳ ዓመት የነገርኋችሁ ሁሉ ውሸት ነው። ቤቴ ሥር ያለው ፈፋ ነው፤ ባቡር ነው የሚያልፍበት። ግዮን ያልሁት ዋሻ ውስጥ ያለች ምንጭ ናት፤ ቁርጭምጭሚት ነው የምትደርሰው። ጉማሬም የለ፣ ታንኳም የለ።»

እኅቱ ከደረጃው ግማሽ ተነሥተው እጃቸውን ያወናጭፉ ጀመር። እንግዳ ስሜት የነካቸው መስሎት ድምፁን ከፍ አደረገ።

ሰርካለም ልጆቹን ዝም አሰኘች። «ታዲያ አጎቴ፣ ይኸን ሁሉ ዘመን በምን ታጠባችሁ?»

«በቧንቧ።»

«ሽንኩርትስ?»

«ከሱቅ ነው፣ ልጄ። በላስቲክ ታሽጎ ነው የሚመጣው።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አጎቴ» አለች ሰርካለም። ድምፅዋ የቀለለው ሰው ድምፅ ነበር። «እውነቱን ስለ ነገሩኝ ዕድሜ ይስጥዎ። ሌላ ሰው ቢሆን ዋሽቶ ያስመጣኝ ነበር። እንግዲያ እኔ እዚሁ ነኝ፤ ወንዜን ይዤ እኖራለሁ። እማዬን ሳም ያድርጉልኝ።»

ስልኩ ተዘጋ።

እንግዳ ላቡን ጠረገ። ከመጣ ጀምሮ እንዲህ ቀሎት አያውቅም፤ ምርቃት ሊቀበል ጎንበስ ብሎ ስልኩን ዘረጋላቸው።

«ነገርኋት፣ እትዬ! እውነቱን አንድም ሳላስቀር ነገርኋት!»

እትዬ ሙሉመቤት ስልኩን አልተቀበሉም። «ምን አለች?»

«እዚሁ እቀራለሁ አለች። ሳም ያድርጉልኝ ብላለች።»

አሮጊቷ ተመልሰው ዘጭ ብለው ተቀመጡ። እርጥብ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። እንግዳ ያን ጊዜ ፊታቸውን አየ።

«ጠቀስሁህ እኮ!» አሉ። «ሁለቴ ጠቀስሁህ እኮ!»

«ውኃ የገባብዎ መስሎኝ ነው...»

«እኔ መዋሸት አልችልበትም። አንተ ትችላለህ ብዬ ነው የሰጠሁህ!» ድምፃቸው ተሰበረ። «ሠላሳ ዓመት ለማንም ለምንም ዋሸህ። ለእኔ አንዲት ቀን ብትዋሽልኝ ምን ነበረበት? ዛሬ ነው እውነት ያማረህ?»

እንግዳ ስልኩን መነካካት ጀመረ። «መልሼ ልደውልላት! ተሳስቼ ነው እላታለሁ። ትናንት ዘንቦ ሞላ፣ አዲስ ወንዝ ተቆፈረ እላታለሁ። ቁጥሩን ይንገሩኝ፣ እትዬ፣ አፈር ስሆን!»

እትዬ ሙሉመቤት ራሳቸውን ነቀነቁ። እንባቸውን በአይበሉባቸው ጠረጉና፣ ጫማቸውን ከቦርሳው አውጥተው ቀስ ብለው አጠለቁ።

«ከእንግዲህ ማን ያምንሃል?» አሉት። «በል ተነሥ፣ ብርድ ገባኝ። ወንዝህ ዳር ውሰደኝ።»